መቶ ስምንት ዜሮ ለተረከቡት ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የሆስፒታላችን የመረጃ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት፣ ማለትም ሦስተኛ ፎቅ፣ «ሳያንኳኩ አይግቡ፤ አንኳኩተውም ይጠብቁ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት በር ኋላ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ወገብዎ ከሚሽከረከረው ወንበር ጋር እንደተስማማ፣ አንገትዎ በሁለቱ ስክሪኖች መካከል ሲመላለስ እንዳልተቀጨ፣ በተለይ በተለይ ደግሞ ዓይንዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ዓይንዎን አጥብቄ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አያድርገውና አንድ ቀን ቢደክምብዎ ተራ የሚይዙት ራስዎ በሠሩት ዝርዝር ላይ ነውና፣ ስምንትና ዘጠኝ ቁጥር እንዳይደርስዎ ከወዲሁ እጸልያለሁ።

እኔን ምናልባት ያስታውሱኛል። የሰፈር ሰው «ትንኝ» የሚለኝ፣ ከአክስቴ የልብስ ስፌት ቤት ደጃፍ ላይ በአንዲት ጠረጴዛ ስልክ የምጠግነው፣ አንድ ቀን ቢሮዎ ገብቼ ሳይጠይቁኝ የተናገርኩት ልጅ ነኝ። አቤቱታዎቼን እርስዎ በሚወዱት ሥርዓት፣ ከፊታቸው በዜሮ ሞልቼ አቅርቤያለሁ።

አቤቱታ 001

በቅድሚያ ስለ መጀመሪያው ዝርዝር ውበት አመሰግናለሁ። ነፃው የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ የስድስት መቶ አርባው ተመዝጋቢ ተራ በመግቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ያሳደገችኝ አክስቴ በምዝገባው ቀን ዘበኛው ገና የበሩን ቁልፍ ከኪሱ ሲፈልግ ደርሳ፣ ዘጠኝ ቁጥርን የያዘች ሴት ናት። ሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ ስለለበሱ መርፌ የምትሰካው ክሩን በምላሷ አርሳ፣ ቀዳዳውን በጥፍሯ እየዳሰሰች ነው፤ እኔ ልሰካልሽ ስላት «ተው፣ አንተ ከሰካኸው ክሩ ራሱ ይስቃል» ትለኛለች። ስለዚህ ዝርዝሩን እንዳነብላት ይዛኝ መጣች።

አንድ ብዬ ጀመርኩ። ከአንድ ቀጥሎ አስር። ከአስር ቀጥሎ መቶ። ከመቶ ቀጥሎ መቶ አንድ። «ቀልድህን ተውና አንብብ» ብላ በክርኗ ጎሸመችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድባት ስለኖርኩ፣ አንድ ቀን እውነቱን ባነብ የሚያምነኝ አጣሁ። ሁለት ቁጥር ብቅ ያለው ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ በኋላ ነው። ዘጠኝን ያገኘኋት መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በስድስት መቶ ሠላሳኛ ቦታ ነው፤ ከኋላዋ የቀሩት በዘጠና የሚጀምሩት አስር ምስኪኖች ብቻ ነበሩ። ኮምፒውተሩ ቁጥሮቹን እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ቃል ፊደል በፊደል እያየ ነበርና ያሰለፋቸው፣ በአንድ የጀመረ ሁሉ በሁለት ከጀመረው ቀደመ፣ በዘጠኝ የጀመረም ጭራ ሆነ። ማልዶ የመጣን ሰው በዚህ ፍጥነት ከፊት ወደ ኋላ ማድረስ የሚችል ሌላ መጓጓዣ አላየሁም፤ ስለዚህ ክብር ይገባዎታል።

አቤቱታ 002

ይህን ልነግርዎ ቢሮዎ ስገባ ጊዜዎን ስለሠዉልኝ አመሰግናለሁ። ሦስት ደቂቃ ሰጥተውኛል፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ስልክ አውርተዋል። በቀረችው አንድ ደቂቃ «ኮምፒውተር አይሳሳትም፣ የሚሳሳተው አንባቢው ነው» ብለው አስተማሩኝ። ቀጥለውም «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ነህ?» አሉኝ። እኔም አስረኛ ክፍልን ሁለቴ ተምሬ እንዳቆምኩ፣ ስለዚህ ስለ አስር ከእኔ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ በትሕትና ገለጽኩ። እርስዎ ሳቁ። ስለ ሳቁም አመሰግናለሁ፤ በዚያ ፎቅ ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው ብላኛለች ጽዳቷ።

ስወጣ በሩን ይዤ መድኃኒቱን ተናግሬያለሁ፤ ዓይኔን ግንባር ያርገው ተናግሬያለሁ። የአጫጭሮቹን ቁጥሮች ፊት በዜሮ ይሙሉት፣ አንድ 001 ይሁን፣ ዘጠኝም 009፣ አርባም 040፣ ያኔ ሁሉም ቁመታቸው እኩል ስለሚሆን እንደ ቃልም ቢያሰልፏቸው ተራቸው አይዛባም አልኩ። «እሺ፣ እሺ፣ በሩን ዝጋው» አሉኝ።

አቤቱታ 003

በማግስቱ ስለ ፍትሐዊነትዎ መላው አዳራሽ ተገረመ። አዲሱ ዝርዝር ሲለጠፍ ለእያንዳንዱ ቁጥር፣ ለአጭሩም ለረጅሙም፣ ለትንሹም ለትልቁም፣ ሳያዳሉ ሁለት ሁለት ዜሮ ሰጥተዋል። አንድ 001 ሆነ፣ አስርም 0010፣ መቶም 00100። ለስድስት መቶ አርባ ሰው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ዜሮ ወጪ ሆኖ፣ ተራው ግን ንቅንቅ አላለም። ከ001 ቀጥሎ 0010፣ ከዚያ 00100፣ ከዚያ 00101። ረጅሙንም አጭሩንም እኩል በርጩማ ላይ ቢያቆሟቸው ረጅሙ ያው ረጅም ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ከሠርግ ፎቶ አንሺ በቀር አይገኝም ብዬ አለፍኩት።

አቤቱታ 004

ይህኛው በእርግጥ አቤቱታ አይደለም፣ የስጦታ ማስታወሻ ነው።

ተቋማችሁ ዜሮ አያያዝ ላይ እንደተቸገረ ሳይ፣ የሚያስፈልጋችሁን ልክ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ላሉት ሁለት ሁለት፣ አሥራ ስምንት። ከአስር እስከ ዘጠና ዘጠኝ ላሉት አንድ አንድ፣ ዘጠና። ከመቶ በላይ ላሉት ምንም። በጠቅላላው መቶ ስምንት ዜሮ። ከአክስቴ ስፌት ቤት ወለል ላይ ክብ ክብ አረንጓዴ የጨርቅ ቁርጥራጭ ለቅሜ፣ መቶ ስምንቱን በከረጢት ቋጥሬ፣ «ለየትኛው ቁጥር ስንት እንደሚሰጥ» የሚል አንድ ገጽ መመሪያ አያይዤ፣ መዝገብ ቤት አስገባሁ።

የመዝገብ ቤቷ እመቤት ከማኅተሟ ላይ ቀና የማትል ትጉ ሠራተኛ ስለሆነች፣ ከረጢቱን ፈትታ አንድ በአንድ ቆጠረች። አንድ ጊዜ ተሳስታ እንደገና ጀመረች። ከዚያም «ዓይነት፦ ዜሮ፤ ብዛት፦ 108፤ ሁኔታ፦ አዲስ» ብላ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ማኅተም መታችልኝ። ደረሰኙ ዛሬም ጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሏል፤ ስልክ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ ሳያነብበው አይሄድም።

ክቡርነትዎ ስጦታዬን አልናቁትም። ሰው ሁሉ አይቶታል፤ በሦስተኛው ዝርዝር ላይ ዜሮዎቹ ልክ በመመሪያው መሠረት ተሰድረው 001፣ 002፣ 003 እያሉ ቁልቁል ወረዱ፣ አክስቴም ዘጠነኛ መስመር ላይ ቁጭ አለች። ያን ቀን ሰፈሩን በትከሻዬ ተሸክሜ የዞርኩ ያህል ተንጎማለልኩ። አክስቴ ማን እንዳስተካከለው አላወቀችም፤ «ትልቅ ሰው ቢሮ ገብቶ ነግሯቸው ይሆናል» አለች፣ እኔም ትልቅ ሰው ነኝና ዝም አልኩ።

አቤቱታ 005

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዘመቻው የተጀመረው አርብ ዕለት ነው፤ ከአንድ እስከ ሰባት ያሉት እየተጠሩ ገቡ፣ ዓይናቸው በፋሻ እየታሸገ ወጡ። ከዚያ ነርሷ ኮምፒውተሩ ያወጣላትን አይታ «ስምንት» አለች። ስምንት ቁጥር የያዙት ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ፤ የተዘረጋው ፋይል ግን የሌላ ሰው፣ የአስር ቁጥሩ ነው። መምህሩ ካርዳቸውን አውጥተው «አርባ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ስምንት ስምንት መሆኑን የተከራከረኝ የለም» አሉ። ወደ ጎን ይቁሙ ተባሉ።

ቀጥሎ «ዘጠኝ» ተባለ። አክስቴ እጄን ለቅቃ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ በሩን በመዳፏ እየዳበሰች ገባች። ነርሷ ፋይሉን አየች፣ አክስቴን አየች፣ እንደገና ፋይሉን አየች። «እማማ፣ የአውቶቡስ ሾፌር ነዎት እንዴ?» አለቻት። አክስቴም «ልጄ፣ በዚህ ዓይኔ ብነዳ ትሳፈሪያለሽ?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ የአሥራ አንድ ቁጥሩ እውነተኛው ሾፌርም ከመጨረሻው ወንበር ላይ ሆኖ ሳቀ፣ ፋይሉ የእሱ መሆኑን ሳያውቅ።

ነርሷም ስቃለች፤ ግን ጎበዝ ናት፣ የሰው ፋይል ይዛ የሌላ ሰው ዓይን ላይ ስለት አላስነሣችም። «ሲስተካከል እንጠራዎታለን» ብላ ሸኘቻት። አክስቴ ለዚያ ቀን ብላ የተኮሰችውን ቀሚሷን አጥፋ መልሳ ሰቀለችው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ማክሰኞ፣ የመጨረሻው ሳምንት ማክሰኞ ድረስ፣ ከመስቀያው አልወረደም።

አቤቱታ 006

መሥሪያ ቤታችሁ ወረቀት ስለሚቆጥብ አመሰግናለሁ። ዝርዝሩ የታተመው በአንድ ጎኑ አገልግሎት ላይ በዋለ ወረቀት ጀርባ ነበርና፣ በር ሲከፈት ንፋሱ ገልበጥ ሲያደርገው ከኋላው የእርስዎ ሼል ስክሪፕት ታየኝ። ለማያውቁት አንባቢዎች፣ ሼል ስክሪፕት ማለት ለኮምፒውተሩ «ይህን ሥራ፣ ቀጥሎ ያንን ሥራ» እያለ ትእዛዝ የሚደረድር አጭር ጽሑፍ ነው። የእርስዎ አሥራ ዘጠኝ መስመር ነው። አዳራሹ ግድግዳ ሥር ተንበርክኬ፣ ወረቀቱን በአንድ ጣቴ ገልጬ፣ ዘበኛው «ምን እያደረግክ ነው?» ሲለኝ «የአክስቴን ስም እየፈለግኩ ነው» እያልኩ አነበብኩት። አልዋሸሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስክሪፕትዎ ቁጥሩን ለፋይል ስምነት ብቻ ቢጠቀምበት ኖሮ ሁላችንም ዛሬ በሰላም በተኛን። እርስዎ ግን ያንኑ ዜሮ የለበሰ ቁጥር ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። ሼሉ ደግሞ የድሮ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ዜሮ ያለበት ቁጥር ለሒሳብ ሲቀርብለት በስምንት ስምንት የሚቆጠር ነው ብሎ ይወስደዋል። በዚያ አቆጣጠር ከዜሮ እስከ ሰባት ያሉ አሃዞች ብቻ አሉ፣ ከሰባት ቀጥሎ ያለው አንድና ዜሮ ተደርጎ ይጻፋል። ስለዚህ 010 ስምንት ሆነ፣ 011 ዘጠኝ ሆነ፤ 008 እና 009 ደግሞ «እንዲህ ያለ ቁጥር የለም» ተብለው ተጣሉ። አስረኛ ክፍልን ሁለቴ ተማርኩ ብዬ የፎከርኩት እኔ ለካ በእርስዎ ማሽን ዘንድ የደገምኩት ስምንተኛን ነው፤ ለትሕትና ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ስምንተኛው ሺህ ገባ እያሉ የሚያስፈራሩን አሮጊቶችም ካሁን በኋላ አፋቸውን ይይዛሉ፣ በእናንተ ቤት ስምንት የሚባል ነገር ስለሌለ።

ከሁሉ ያደነቅኩት ግን አሥራ ሰባተኛውን መስመር ነው። ማሽኑ «ይህን ቁጥር አላውቀውም» ብሎ የሚጮኸውን ሁሉ ማንም ሳያየው ወደማይመለስበት ጉድጓድ እንዲጣል አዝዘዋል። ኮምፒውተርዎ በየማለዳው ሠላሳ ስድስት ጊዜ «ኧረ ሰው ጠፋ» ሲል፣ አፉን በመሐረብ ይዘው ነው ቡና የሚጠጡት። ኮምፒውተር አይሳሳትም ያሉኝ ለካ እውነትዎን ነው።

አቤቱታ 007

ሠላሳ ስድስት ያልኩት በግምት አይደለም። ከመቶ በታች ሆኖ ስምንት ወይም ዘጠኝ አሃዝ ያለበት ሁሉ ተጥሏል፦ 008፣ 009፣ 018፣ 019 እያለ እስከ 079፣ ከዚያም ሰማንያዎቹና ዘጠናዎቹ በሙሉ። ነርሷ ከመጀመሪያው ቀን ትርምስ በኋላ በቁጥር መጥራቱን ትታ በስም መጥራት ጀመረች፤ ስለዚህ ሾፌሩም ሌሎቹም ተራቸውን አገኙ። ስም የምትጠራው ግን ማሽኑ ካወጣላት ላይ ነው፣ ማሽኑም ሠላሳ ስድስቱን አያወጣቸውም።

ስፌት ቤቷ ሆና ከምትጠብቀው ከአክስቴ በቀር፣ እነዚህ ሰዎች አሁን ከደረጃው ሥር ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ የራሳቸውን መንደር መሥርተዋል። መምህሩ ሊቀመንበር ናቸው። ሰማንያ አራት ቁጥሯ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሁሉንም በድምፃቸው ትለያቸዋለች። መረጃ መስኮቱ ጋ ሄደው ሲጠይቁ፣ ግድግዳው ላይ ቢኖሩም «የማሽኑ ዝርዝር ላይ የሉም» ይባላሉ፤ ካርዳቸውን ሲያሳዩ «ካርዱ አለ፣ እርስዎ ነዎት የሌሉት» ይባላሉ። መምህሩ ይህን ሲሰሙ «ይሄ ሒሳብ አይደለም፣ ፍልስፍና ነው» ብለው ተቀመጡ። የቀዶ ሕክምና ቡድኑን የምትመራውን ሐኪም በኮሪደር አግኝቼ ብለምናት፣ «ዝርዝር ላይ አስገቡልኝ እንጂ እጄ አይደክምም፣ ቀደም ብዬ እገባለሁ» ብላኛለች። ፋይል ሳይወጣላት ግን መንካት አትችልም፤ ፋይል የሚያወጣው ማሽኑ ነው፤ ማሽኑን የሚያዝዘው እርስዎ ነዎት።

አቤቱታ 010

ሰባትን አስር እንዴት ተከተለው ብለው እንዳይቆጡ፤ ስምንተኛውና ዘጠነኛው አቤቱታ ከደረጃው ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እስኪጠሩ ይጠብቃሉ።

መድኃኒቱ ከማስነጠስ ያነሰ ጊዜ ይፈጃል። ዜሮ ካፖርት ነው፤ ሲወጡ ይለበሳል፣ ቤት ሲገቡ ይወልቃል። ለፋይሉ ስም ዜሮውን ያልብሱት፣ ለሒሳብ ሲያስገቡት ያውልቁለት። ማውለቁ ካስቸገረዎ ከቁጥሩ ፊት 10# ብለው ይጻፉ፤ ያ ማለት ለሼሉ «አባቴ፣ ይሄ እንደ ሰው በአስር የሚቆጠር ነው» ብሎ በጆሮው መንገር ነው። በአሥራ አንደኛው መስመር ላይ ሦስት ምልክት፤ አንድ፣ ዜሮ፣ ፍርግርግ። አንድ ዜሮ ከጎደለዎት ከከረጢቱ ውስጥ ይውሰዱ። አሥራ ሰባተኛውን መስመርም ያንሡልኝ፤ ማሽኑ ይጩህ፣ ሲጮህ ሰው ይሰማል።

ዘመቻው አርብ ያበቃል። ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ፣ መቼ እንደሚመለሱም አልተነገረም።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ አንዲት ነገር ቀርታኛለች፣ እሷን ያለ ዜሮ ልበል። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ዜሮ ከማምጣቴ በፊት አክስቴ ስድስት መቶ ሠላሳኛ ነበረች፤ ዘግይታም ቢሆን አርብ ትገባ ነበር። እኔ ተንኮሌንና ከረጢቴን ይዤ መጣሁና ጨርሶ ከሰው ቁጥር አወጣኋት። ይህን አልነገርኳትም። በየማለዳው «ዛሬ ስንት ደረሱ?» ትለኛለች፤ ትናንት «ከአራት መቶ ስልሳ አልፈዋል» ስላት፣ ጣቶቿን እያጠላለፈች «እንግዲያ ዘጠኝ ገና ነው» አለች። ነርሷ ስትሸኛት ወደ መጀመሪያው ዝርዝር የመለሷት መስሏታል፤ ያንን ያነበብኩላት ደግሞ እኔው ነኝ፤ በዚህ ቤት ዘጠኝ ከስድስት መቶ በኋላ እንደሚመጣ አምናኛለች። በሕይወቷ አንድ ቀን ብታምነኝ በዚህ ሆነ። ስለዚህ ስቄብዎት ከሆነ ግማሹን ሳቅ በራሴ ላይ ይመዝግቡልኝ፣ የመዝገብ ቤቷ እመቤት ደረሰኝ ትቁረጥበት።

ከወንበርዎ ሳይነሡ የሠላሳ ስድስት ሰው ዓይን ማብራት የሚችሉ፣ በከተማው ብቸኛ ሰው ለሆኑት ለእርስዎ፣ ከበርዎ ውጭ አንኳኩቼ እየጠበቅሁ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እገልጻለሁ፤

የዜሮ ለጋሽ፣ የስምንተኛ ክፍል ደጋሚ፣
ዓይን ውስጥ ካልገባ የማይታወቀው ትንኝ።

ድኅረ ጽሑፍ 009። መቶ ስምንቱ አረንጓዴ ዜሮ ከየት እንደመጣ ጠይቀው ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ሰው ፊት ላይ ከሚጣለው፣ መሀሉ ላይ ለዓይን የሚሆን ክብ ቀዳዳ ካለው ጨርቅ ተቆርጦ የወደቀ ነው። ለዘመቻው ስድስት መቶ አርባውንም የሰፋችው አክስቴ ናት፤ ቀዳዳውን በመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን እየለካች፣ ጠርዙን በጣቷ እያየች። አርብ ማታ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጨርቅ ይቆጥራል፤ አንዲት መርፌ ስትጎድል ሦስት ቀን የሚያፈላልግ ሰው መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሠላሳ ስድስት ንጹሕ ጨርቅ ተርፎ ሲያገኝ፣ ስለ ሰው ያልጠየቀዎት ሁሉ ስለ ጨርቅ ይጠይቅዎታል። ከመካከላቸው ጥጓ ላይ በቀይ ክር ቋጠሮ ያለባት አንዲት አለች፤ መጨረሻ ላይ ሰፍታ «ይቺ የራሴ ናት» ብላ ምልክት ያደረገችባት ናት። ቁጥሯ ዘጠኝ ነው። ከፊቷ ዜሮ አይጨምሩላት፤ መሀሏ ላይ አለላት።